የላታ ፈሳሽ ሙቀት

እ.ኤ.አ. በ1832 የኮሌራ ወረርሽኝ ስኮትላንድን ባስጨነቀ ጊዜ፣ በኤድንብራ አጠገብ በሌይዝ ወደብ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ቶማስ ላታ ጨውና ሶዳ የተቀላቀለበት ውሃ በበሽተኞቻቸው የደም ሥር መስጠት ጀመሩ። የመጀመሪያዋ በሽተኛ ከሞት አፋፍ የደረሰች አሮጊት ነበረች። ፈሳሹ እንደ ገባላት ነፍስ ዘርታ መናገር ጀመረች፤ ዳሩ ግን ተቅማጡ ሲያገረሽባት ሕክምናው ስላልተደገመላት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ዐረፈች።

ላታ በዚያው ዓመት ለ«ላንሴት» መጽሔት በላኩት ደብዳቤ ፈሳሹን እስከ 112 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 44 ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ያሞቁት እንደ ነበር ገልጸዋል። ወደ 100 ሲወርድ በሽተኛው ክፉኛ እንደሚበርደውና እንደሚንቀጠቀጥ፣ 115 ሲደርስ ደግሞ ልብ በድንገት እንደሚቸኩል ጽፈዋል። 100 ዲግሪ ከጤነኛ ሰው ሙቀት የማያንስ በመሆኑ፣ ፈሳሹ በቱቦው ሲያልፍ ይቀዘቅዝ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ይህን ሁሉ ያስተማሯቸው በሽተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ነቅተው ነበርና «በረደኝ» ለማለት ይችሉ ነበር።

በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ በማደንዘዣ የተኛ ሰው ግን ይህን አይልም፤ መንቀጥቀጡም ይታገዳል። በ1937 በቺካጎ የደም ባንክ ከተቋቋመ በኋላ፣ በ4 ሴንቲግሬድ ገደማ የተቀመጠ ደም ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በቀጥታ ወደ በሽተኛው ይገባ ጀመር። እንዲህ ያለው አንድ ከረጢት ደም፣ ወይም በክፍሉ ሙቀት ልክ ያለ አንድ ሊትር ፈሳሽ፣ የአንድን አዋቂ አማካይ የሰውነት ሙቀት በሩብ ዲግሪ ያህል ያወርዳል። ለአንድ ከረጢት ነገሩ ቀላል ነው፤ ደም እንደ ጎርፍ ለሚፈሰው በሽተኛ ግን ከረጢቱ ዐሥርም ሊደርስ ይችላል፤ ቅዝቃዜውም ሳይሟሽ ልብ ላይ ይደርሳል።

ዋጋውን በቁጥር ያሳዩት የኒውዮርኮቹ የማደንዘዣ ሐኪሞች ቦያንና ሐውላንድ ናቸው። በ1963 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ3 ሊትር የማያንስ ደም በደቂቃ ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ፍጥነት ከተሰጣቸው መካከል፣ ቀዝቃዛውን ከወሰዱት 36 በሽተኞች የ21ዱ ልብ ቆሟል፤ የሞቀውን ከወሰዱት 118 ግን የ8ቱ ብቻ። መሣሪያቸውም ረቂቅ አልነበረም፤ ደሙ በሞቀ ውሃ ውስጥ በተነከረ ጥቅል የፕላስቲክ ቱቦ ያልፍ ነበር። ውሃው ከልክ በላይ ከጋለ ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚፈነዱ ቴርሞሜትሩን መጠበቅ የግድ ነው።

በ1996 ኩርዝ፣ ሴስለርና ሌንሃርት የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 200 በሽተኞች ላይ ያካሄዱት ጥናት ሌላ ጉዳት ገለጠ። ፈሳሹም ሰውነታቸውም እንዲሞቅ ከተደረገላቸው መካከል ቁስሉ ያመረቀዘባቸው 6 በመቶ ሲሆኑ፣ ከቀዘቀዙት ግን 19 በመቶ ነበሩ። የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ፈሳሽ፣ እንዲሁም ደም፣ እስከ 37 ሴንቲግሬድ ሞቆ እንዲሰጥ ያዘዘው በ2008 ነው።