ከመቅደላ የጠፋው ሕፃን፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አባትነት

የአገራችንን ታላላቅ ሰዎች ታሪክ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናስቀድመው ሹመታቸውንና ማዕርጋቸውን ነው፤ ወደ ቤታቸው ግን ከደጅ አልፈን ብዙም አንገባም። የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም ስም በተነሣ ቁጥር «በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል ይከተላል። ይህም ይገባቸዋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ሌላውን የሕይወታቸውን ገጽ፣ ማለትም አባትነታቸውን ነው። እኒህ ሰው አባትም እናትም፣ ቋንቋም ስምም ሳይቀርላቸው በባዕድ አገር አድገው ሳለ፣ በኋላ የብዙ ልጆች አባትና የሰፊ ቤተሰብ ግንድ ለመሆን የቻሉ ናቸው። ይህ እንዴት ሆነ ብሎ መጠየቅ ከሹመታቸው ዝርዝር ይልቅ የሚያስተምር መስሎ ታይቶናል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግሥት፣ የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን አምባ በያዘ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ሞትን መረጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግርግር መገመት አያዳግትም፤ በአምባው ላይ የነበረው ወታደርና እስረኛ፣ ሴትና ሕፃን በየገደሉ አፋፍ ተበተነ። በዚህ መካከል ዕድሜው ሦስት ዓመት ገደማ የሆነ፣ ትውልዱ ከጎንደር የሆነ አንድ ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። ያገኙት የእንግሊዝ መኰንኖችም ሲመለሱ ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ አምባ የተወሰደው ሕፃን እርሱ ብቻ እንዳልነበረ አንባቢ ያስታውሳል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በዚያው ጦር ተወስዷል። የልዑሉ ዕጣ የታወቀ ነው፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሊድስ በምትባል ከተማ ሞተ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ። ዐፅሙ ለአገሩ አፈር እንዲበቃ ኢትዮጵያውያን ያቀረቡትን ልመና የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም። ሁለቱ ልጆች በአንድ ቀን ከአንድ ስፍራ ተነቅለዋል፤ የአንደኛው ሐዘን በብዙ ሲተረክ፣ የሁለተኛው መመለስ ግን በቂ አድማጭ አላገኘም እንላለን።

ሕፃኑን ወደ ህንድ የወሰደው ኮሎኔል ቻምበርሌይን የተባለ መኰንን ሲሆን፣ እርሱ ከሞተ በኋላ የትምህርቱን ወጪ የቻለለት ኮሎኔል ማርቲን ነበር። ስለዚህም «ቻርልስ ማርቲን» የሚል ስም ወጣለት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ዛሬ በፓኪስታን በምትገኘው በላሆር የሕክምና ትምህርቱን በ1874 ዓ.ም. ፈጸመ፤ ኋላም በስኮትላንድ ዕውቀቱን አዳበረ። በእንግሊዝ መንግሥት ሥር፣ ዛሬ ምያንማር በምትባለው በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኖ ሠራ። እንግዲህ ይህ ሰው የሚበላው እንጀራ፣ የተከበረ ሥራና የታወቀ ስም ነበረው። ሐበሻ መሆኑን ያውቃል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ግን አያውቅም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል በዓለም ሲወራ፣ በሩቅ ምሥራቅ ለነበረው ለዚህ ሐኪም ወሬው የሌላ አገር ወሬ አልነበረም።

በ1891 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መጡ። (ከዚህ በኋላ «አንቱ» እንላቸዋለን፤ አገራቸው ገብተዋልና።) አማርኛ አያውቁም ነበር፤ ከበሽተኞቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። ሐኪም የሆነ የመቅደላ ልጅ መጥቷል የሚለው ወሬ ግን ከእርሳቸው ቀድሞ ይጓዝ ነበርና አያታቸው ዘንድ ደረሰ። አሮጊቷም መጥተው ሰውየውን አዩ፤ በክንዱና በእግሩ ላይ የነበረውን የልጅነት ጠባሳ ፈልገው አገኙና የልጄ ልጅ ነው ብለው መሰከሩ። ስሙም ወርቅነህ፣ አባቱም እሸቴ እንደሚባል ያን ጊዜ ተነገረው።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል። በዚያ ዘመን የልደት መዝገብ አልነበረም፤ የቤተሰብ መዝገቡ የእናትና የአያት ልብ ነበር። አንዲት አያት የአንድ ሕፃን ጠባሳ የት የት እንዳለ ለ31 ዓመት በልባቸው ይዘው ኖሩ። የላሆር ኮሌጅ የሰጠው ዲፕሎማ ሰውየው ሐኪም መሆኑን መሰከረ፤ ወርቅነህ መሆኑን ለመመስከር ግን ከእኒህ ሴት በቀር የሚችል አልነበረም። ሐኪም ወርቅነህ ኋላ ለቤተሰብ የሰጡትን ክብር ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው።

ጥቂት ዓመት በኢትዮጵያ ካገለገሉ በኋላ ወደ በርማ ሥራቸው ተመልሰው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ዳግመኛ መጡ፤ ዐፄ ምኒልክንም በሕመማቸው ጊዜ ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ቤት ሠሩ። ልጆችም ተወለዱ፤ ቤቱም እየሰፋ ሄደ። በቤቱ ውስጥ ሁለት ዓለም ጎን ለጎን ይኖር እንደ ነበር መገመት ይቻላል፤ አባትየው የዕለት ማስታወሻቸውን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ዘመድ የሚጠየቀው፣ ለቅሶ የሚደረሰው ደግሞ በአገር ወግ ነው። «ከእንግሊዞች ናቸው ወይስ ከእኛ?» ብለው የተጠራጠሩ የዘመኑ ሰዎች አልጠፉም። ሕዝቡ ግን ክርክሩን በራሱ መንገድ ጨርሶት ነበር፤ ማርቲን የሚለውን ትቶ ሐኪም ወርቅነህ ብሎ ጠራቸው፤ ሙያቸውም እንደ ስም ሆኖ ቀረ።

አባትነታቸው በአጥራቸው ውስጥ ብቻ አልተወሰነም። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት በኃላፊነት የተሾሙት እርሳቸው ነበሩ። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቁመዋል፤ የተማሪ መጽሐፍ ባልነበረበት ጊዜ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጅተዋል። ወላጅ የሌለው ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው ከመጽሐፍ የተማሩት አልነበረም። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ሐይቅ ግድብ ጉዳይ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው ሳሉም፣ ጥቁር አሜሪካውያን ባለ ሙያዎች መጥተው በኢትዮጵያ እንዲሠሩ ጋብዘዋል። ከዚያም የጨርጨር አገር ገዥ ሆነው፣ ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ ተቀምጠው፣ የተማሩ ወጣቶችን ሰብስበው አውራጃውን ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን ደከሙበት። ስለዚህ ሥራቸው ብቻ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተሾሙ። የፋሺስት ወረራ በተጀመረ ጊዜ ያሳደጋቸውን መንግሥትና ሕዝብ ስለ ወለዳቸው አገር ይማጠኑ ነበር። የተሰጣቸው መልስ ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደ ነበር ታሪክ ያውቃል። በእንግሊዝ አገር የመሐንዲስነት ትምህርት የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ በዚያ የመከራ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በባሕር ማዶ ተቀምጦ አገርን መውደድ ይቻላቸው ነበር፤ ማንም አይወቅሳቸውም። እነርሱ ግን በነቀምቴ ወገን የተቋቋመው፣ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የሚመራው የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባላት ሆኑ። የሆለታ ዕጩ መኰንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች የተሰበሰቡበት ይህ ማኅበር በራስ እምሩ ሥር ሲታገል ቆይቶ፣ ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተከበው እጃቸውን ሲሰጡ ኃይሉ ተሰበረ።

የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው ጭፍጨፋ፣ የተማረውን ወጣት በተለይ እየፈለገ ያጠፋ ነበር። ቢንያምና ዮሴፍም በዚያ ጊዜ ተገደሉ።

መርዶው የደረሰው አባትየው በባዕድ አገር ሳሉ ነው። በ1860 ዓ.ም. ጦርነት ልጁን ከወላጆቹ ለየ፤ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ጦርነት ወላጁን ከልጆቹ ለየ። ልዩነቱ፣ ከመጀመሪያው ጠባሳ የሚፈልግ ሰው ነበረ፤ ከሁለተኛው ግን የሚመለስ አልነበረም። ጎበዛዝቱን ያስተማረ፣ ያሳደገ፣ ኢትዮጵያ አገራችሁ ናት ብሎ የነገራቸው አባት በዚያ ሌሊት ምን እንዳሰበ እኛ ልንጽፈው አንደፍርም፤ አባት የሆነ አንባቢ ራሱ ያስበው።

አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ሐኪም ወርቅነህ በሽምግልናቸው ተመልሰው ከቀሩት ልጆቻቸው ጋር አሥር ዓመት ያህል በአዲስ አበባ ኖሩ። ከዕለት ማስታወሻቸው በመነሣት የታሪክ ጸሐፊው ፒተር ጋረትሰን በ2012 እ.ኤ.አ. ሰፊ የሕይወት ታሪካቸውን አሳትመዋል። በመስከረም 1945 ዓ.ም.፣ ዕድሜያቸው 87 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ መቅደላ ከወደቀች 84 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በአገራቸውና በወገኖቻቸው መካከል ዐረፉ።