ቀለበቱ ዲኤክሷ ውስጥ ነው

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

እሑድ ማለዳ ነው፤ አራዳ ጊዮርጊስ። ሙሽሮቹ ተክሊል ሊደረግላቸው ገብተዋል። አንደኛ ሚዜው ቀለበቱን እንዳልረሳ ብሎ ማታውን ሙሉ በኪሱ ይዞት ያደረ ጠንቃቃ ሰው ነው። መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ግን ሣጥኑ ጎኑን ቆረቆረውና አውጥቶ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወረደ።

መኪናዋ ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ የሙሽራው የአክስት ልጅ ንብረት። ዲኤክስ የነዳችሁ ታውቃላችሁ፤ የሾፌሯ በር ለረሺ ሰው ያዝናል። የመቆለፊያዋን እንክብል ተጭናችሁ በሩን ዝም ብላችሁ ብትገፉት፣ እንክብሏ ራሷ ብድግ ትላለች። እንዲቆለፍ ከፈለጋችሁ የውጭውን እጀታ ስባችሁ መያዝ አለባችሁ። ፋብሪካው ይህን ያሰበው ቁልፉን ውስጥ ትቶ ለሚወርድ ሰው ነበር። ምን ዋጋ አለው! የእኛ ሾፌር ስንት ዓመት ሙሉ እጀታ እየሳበ የዘጋ ሰው ነው፤ እጁ ከራሱ ቀድሞ ሠራ። ጠቅ! ቁልፉ መሪው ሥር ተንጠልጥሏል፣ ቀለበቱ ዳሽቦርዱ ላይ ነው፣ አራቱም በር ጥርቅም።

«ቀለበቱስ?» አለ ከውስጥ የተላከ ዲያቆን።

አራዳ ላይ መኪና ሲቆለፍ ችግሩ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ሰዎች ከበቡት። አንዱ የልብስ መስቀያ ሽቦ አምጡ ይላል፤ በእሑድ ማለዳ ማን መስቀያ ይዞ ይዞራል? ሌላው ቁልፍ ቀራጭ ጥሩ ይላል፤ ቁልፍ ቀራጩ ገና አልጋው ላይ ነው። ሁለተኛው ሚዜ መስታወቱን እንስበረው አለ። መኪናው የሱ አይደለማ!

ዲኤክሷ የቆመችው ደግሞ ምኒልክ ሐውልት አጠገብ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሰው መኪና ሲያመጣላቸው፣ የዚያን ዘመን ሞተር ከፊት በሚሰካ ብረት እየተጠመዘዘ ነበር የሚነሳው። ቁልፍ አዙሮ ሞተር ማስነሳትን ክራይስለር ያመጣው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ሐውልቱ ላይ ደግሞ ንጉሡ የተቀመጡት ፈረስ ላይ ነው፤ ፈረስ ቁልፍ የለው፣ ምን ቸገራቸው።

ወደ ጉዳያችን። ነጠላቸውን ያጣፉ አንድ አባት ጠጋ ብለው በመስታወቱ ወደ ውስጥ አዩ። ድሮ ላዳ ታክሲ ይነዱ ነበር።

«እንክብሏ አናቷ ሰፋ ያለ ነው፤ ክር ይበቃታል» አሉ።

«የጫማ ክር አለኝ አባባ፣ አዲስ ነው» አለ ሊስትሮው፣ ሣጥኑን እየከፈተ።

አሁን እጃቸውን ተመልከቱ። ክሩን መሐሉ ላይ ሸምቀቆ አደረጉት። በበሩ የላይኛው ማዕዘን በኩል ጎማውን በጣታቸው ገፋ አድርገው ክሩን አስገቡ፤ አንዱ ጫፍ በጎን፣ ሌላው በላይ ወጣ። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ እያሉ ሸምቀቆውን ቁልቁል ወሰዱት። አንዴ ሳተ። ሕዝቡ «ወይኔ!» አለ። ደግሞ እንክብሏ ላይ አረፈ፤ ጫፎቹን ሳቡ፣ ሸምቀቆው ጠበቀ፣ ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉት ጠቅ! አንዷ እናት እልል አሉ። ሚዜው ቀለበቱን ይዞ ሲሮጥ የክሩን ሒሳብ የከፈለ ማንም የለም፤ ሊስትሮው እስከ ሠርጉ ማብቂያ በሩ ላይ ጠብቆ ነው የተቀበለው። ደግ አደረገ!

ዛሬ እንዲህ ያለ ጥበብ ለብዙው መኪና አይሆንም። የአሁን ቁልፍ ሆዱ ውስጥ ቺፕ አለው፤ ብረቱን ብቻ ብታስቀርጹ በሩ ይከፈት ይሆናል እንጂ ሞተሩ አያውቃችሁም፤ በኮምፒውተር ካልተዋወቁ እምቢ ይላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ፒያሳ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች፤ ብዙዎቹ የሚሰካ ቁልፍ እንኳን አያሳዩም።

በቀደም አንዱ ባለ ኤሌክትሪክ ጣይቱ ሆቴል አጠገብ ሪሞቱን ቢጫን፣ ቢጫን፣ ቢያንቀጠቅጥ፣ በሩ ዝም። የሪሞቱ ባትሪ አልቋል። ተጎታች ሊጠራ ስልኩን ሲያወጣ አንድ ቁልፍ ቀራጭ «እስቲ ላየው ጌታዬ» ብሎ ሪሞቱን ተቀበለው። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መጫኛ ነካ ሲያደርግ ከሆዱ ቀጭን የብረት ቁልፍ ወጣች። የበሩ እጀታ ላይ ያለውን ፕላስቲክ ክዳን በጥፍሩ አነሳ፤ ቀዳዳው እዚያው ነበር። ከፈተው።

ሰውዬው ቦርሳውን አወጣ። «ስንት ልስጥህ?»

«ለመክፈቻው ነው ለትምህርቱ?» አለ ልጁ። «መክፈቻውስ የራስዎ ነው።»