የገጠር ትምህርት ቤት ልደት ከየት ይቆጠራል?

ለሚ ሲባል አሁን አሁን ቶሎ ትዝ የሚለው ሲሚንቶ ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ የእንሳሮ ወረዳን ስም በመላ አገሪቱ አስጠርቷል። ከሙከጡሪ ተነስቶ በለሚ በኩል ጀማን ተሻግሮ ዓለም ከተማ የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን ከሲሚንቶው በፊት የነበረ ሌላ ግንባታ ያስታውሳል። እሱም የገጠር ትምህርት ቤት ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተ ትምህርት ቤት ዛሬ ሃምሳውን አልፎ ወደ ስልሳ እየተጠጋ ነው። ወቅቱ የልደት በዓል ወቅት ነው ማለት ይቻላል። የቀድሞ ተማሪዎች ከያሉበት ተጠራርተው ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ቲሸርት ያሳትማሉ፣ ጡረታ የወጡ መምህራንን ይሸልማሉ፣ መጽሐፍና ዴስክ ያበረክታሉ። ደግ ነገር ነው። ሆኖም ባነሩ ላይ የሚጻፈው "የተመሠረተበት ዓመት" አንድ ጥያቄ ያስነሳል። የትምህርት ቤት ዕድሜ የሚቆጠረው ደወሉ ከተመታበት ቀን ነው ወይስ ገበሬው መክፈል ከጀመረበት?

መክፈሉ ብዙ ይቀድማል። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ ከመሬት ላይ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚውል ግብር እንዲሰበሰብ አደረገ። ግብሩ ከገጠር መሬት ሲሰበሰብ ትምህርት ቤቱ ግን በአብዛኛው ከተማ ላይ ነበር። ጭሰኛ ባለበት አገር ደግሞ የባለመሬቱ ግብር ዞሮ ዞሮ ጭሰኛው ጫንቃ ላይ ያርፍ ነበር። ብዙ ገበሬ ልጁ ፊደል ሳይቆጥር፣ ለሌላ ሰው ልጅ ዓመታት ከፈለ።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት ተወካዮች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አንድ ትልቅ ቃል ገቡ። እስከ 1972 ዓ.ም. ድረስ ለትምህርት የደረሰ የአህጉሩ ልጅ ሁሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኝ ተስማሙ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ከዚያ ግብ በጣም ከራቁት አገሮች አንዷ ነበረች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚሠራ ክፍል ተቋቋመ። ዛሬ ሃምሳና ከዚያ በላይ ከሚያከብሩት ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። አሠራሩ ግን "ስዊድን ሠራችልን" በሚል ቃል ብቻ አይገለጽም። የአካባቢው ሕዝብም የራሱን ድርሻ ማዋጣት ነበረበት። ግብሩን የከፈለው ገበሬ እንደገና ኪሱንና ጉልበቱን ተጠየቀ፤ ሰጠም።

በዚህ መሀል በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው "ሴክተር ሪቪው" የተባለው የትምህርት ጥናት ለአብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት ትምህርት እንዲበቃ የሚያደርግ ሐሳብ አቀረበ። አጥኚዎቹ ትንሹን ሀብት ለብዙ ሕፃናት ማዳረስ ነው ቢሉም፣ ሕዝቡ የተረዳው "የገበሬ ልጅ ገበሬ ሆኖ ይቅር" የሚል ፍርድ አድርጎ ነው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። መንግሥት ዕቅዱን አቆመ፤ የራሱ ዕድሜም ብዙ አልቆየም።

ደርግ ሲመጣ ሸክሙ መልኩን ለወጠ እንጂ አልወረደም። በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት ከተሰጣቸው ተግባር አንዱ ከመንግሥት ጋር ተባብሮ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ መሥራት ነበር። እንጨት በሸክም፣ ድንጋይ በትከሻ፣ ጭቃ በእግር እየተረገጠ ክፍሎች ቆሙ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም አባትና እናትን ከልጆቻቸው ወንበር ላይ አስቀመጠ። ኋላም ከጀማ ማዶ በመርሐ ቤቴ የካርልሃይንዝ በም "ሰዎች ለሰዎች" ድርጅት ትምህርት ቤቶችንና የዓለም ከተማውን እናት ሆስፒታል ሠራ።

ንጉሡ፣ ስዊድን፣ ደርግ፣ ኢሕአዴግ፣ የውጭ ድርጅት፤ አጋሩ ተለዋወጠ። ያልተለወጠው ከፋይ ወላጅ ነው። ከገንዘቡም በላይ የከፈለው ልጁን ነው፤ ከብት የሚጠብቀውን ወንድ ልጅ፣ ውሃ የምትቀዳውን ሴት ልጅ ለቆ ወደ ክፍል ላከ። አራተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤቱ ሲያበቃ ደግሞ ስንቅ ቋጥሮ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ አስቀጠለ።

እንግዲህ የገጠር ትምህርት ቤት የመንግሥት ስጦታ ሳይሆን የሕዝብ ንብረት ነው የሚባለው ለወግ አይደለም። ይህን መዘንጋት ደግሞ ዛሬ ዋጋ ያስከፍላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ሰሜን ሸዋን ጨምሮ በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል። በ2017 የትምህርት ዘመን በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ ነበሩ። ክፍሉን የሚዘጋ፣ ካምፕ የሚያደርግ ወይም መምህሩን የሚያስፈራራ ማንኛውም ወገን የባላንጣውን ሳይሆን የገበሬውን ንብረት ነው የሚነካው።

የልደት በዓል ስለዚህ ከቲሸርት የዘለለ ሥራ አለበት። የመጀመሪያው መመዝገብ ነው። በ1962 በሃያ አምስት ዓመቱ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ዛሬ ሰማንያ አልፎታል። ማን መሬት ሰጠ፣ ማን እንጨት ቆረጠ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪ ማን ነበረች የሚለው ካሁኑ ካልተጻፈ ከእሱ ጋር ይቀበራል። ሁለተኛው በሐቅ መቁጠር ነው። ደወሉ ዝም ያለባቸው ዓመታትም የታሪኩ አካል ናቸውና በበዓሉ መጽሔት ላይ ሊዘለሉ አይገባም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ የተዘጋውን ማስከፈት። በለሚ ግዙፍ ፋብሪካ ቆሟል፤ ቴክኒሻን፣ ኬሚስት፣ ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል። የአካባቢው ልጅ ሦስት ዓመት ከክፍል ከቀረ፣ ያ ፋብሪካ ለእሱ የሚተርፈው የጥበቃና የጭነት ሥራ ነው። "የገበሬ ልጅ ገበሬ ሆኖ ይቅር" የተባለ መስሎት በ1966 አገር የተቆጣበት ፍርድ፣ ማንም ሳያውጀው በተዘጋ በር በኩል ተመልሶ እየገባ ነው።