ከኬላ እስከ ይለፍ ቃል፦ የአንድ ማስተካከያ ገጽ ቃላት ታሪክ

አዲስ ስያሜ በመዝገበ ቃላት ከመጻፉ ይልቅ በሥራ ላይ ሲውል ይፈተናል። ስያሜውን ያወጣው ባለሙያ ቢሳሳት ስሕተቱ በሚቀጥለው እትም ሊታረም ይችላል፤ ቃሉን አምኖ የሚሠራበት ሰው ግን በቃሉ ምክንያት የራሱ የሆነውን ነገር ሊያጣ ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለዚህ አስረጅ የሚሆን አንድ ገጽ እንመለከታለን። ይኸውም ያገኙትን ጽሑፍ አቆይቶ ኋላ ለማንበብ በሚያገለግል የድር መተግበሪያ ውስጥ ተጠቃሚው ስሙን፣ የይለፍ ቃሉን፣ ቋንቋውንና የንባብ ልማዱን የሚያስተካክልበት ገጽ ነው።

የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ዕድሜ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 «ሪድ ኢት ሌተር» በሚል ስም የተጀመረው በ2012 «ፖኬት» ተብሏል፤ በ2008 «ኢንስታፔፐር»፣ በ2013 ደግሞ «ዋላባግ» ተከትለዋል። ፖኬት በሐምሌ 2025 ተዘግቷል። እኛ የነገሩን ዓይነት «የንባብ ማቆያ» ብለን እንጠራዋለን፤ «የሕፃናት ማቆያ» በሚለው አነጋገር እንደሚታየው፣ ባለቤቱ ተመልሶ እስኪወስድ ድረስ በአደራ ማኖርን ያመለክታልና። ጠዋት በአቃቂ ወደ ሥራ የሚገባ ሰው ያየውን ረጅም ጽሑፍ አቆይቶ ማታ በአውቶቡስ ሲመለስ ቢያነበው፣ የቃሉ ፍቺ ከነገሩ ጋር ይስማማል።

አቃቂ ቃሊቲን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ገጽ ላይ ከሰፈሩት ቃላት የብዙዎቹ ዓይነት የቀድሞ ማደሪያ በዚህ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ይገኛል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የኢትዮጵያ ድምፅ ወደ ውጭ አገር የተሰማው ከአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ነበር። በዚህም «ጣቢያ» የሚለው አንድ ቃል ለባቡሩም ለራዲዮውም አገልግሏል። ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ በሚጀምረው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ተሽከርካሪ ገንዘብ የሚከፍልበት ስፍራ «የክፍያ ጣቢያ» ይባላል። ቃሉ ይህን ያህል ሲሰፋ ማንንም ያላደናገረው በሁለት ምክንያት ነው፦ ሁልጊዜ «የባቡር»፣ «የራዲዮ»፣ «የክፍያ» የሚል ዘርፍ ይቀድመዋል፤ ሁለቱ ጣቢያዎችም በአንድ በር ላይ አይገናኙም። ይህን መመዘኛ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

ወደ ገጹ እንመለስ። «የይለፍ ቃል» በሚለው ስያሜ ውስጥ ያለው «ይለፍ» አለፈ ከሚለው ግሥ የወጣ የትእዛዝ አንቀጽ ሲሆን፣ በኬላ ላይ መንገደኛው እንዲያልፍ የሚፈቅደውን ቃል ያስታውሳል። በጊዜ ብዛት «የይለፍ ወረቀት» በሚለው አገባብ እንደ ስም ረግቷል፤ ስለሆነም ባለቤትዋ ሴት ብትሆንም «የትለፍ ወረቀት» አይባልም። ይህ ስያሜ የተዋጣለት ነው፤ ኬላ አይቶ የማያውቅ ወጣት እንኳ ሥራውን ከቃሉ ይረዳል። የቆዩ ጽሑፎችን ከአንድ መተግበሪያ ወደ ሌላው ለማዛወር የሚያገለግሉት «አስመጣ» እና «ወደ ውጭ ላክ» የተባሉት ቃላት ደግሞ ከአስመጪና ከላኪ ነጋዴዎች ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው፤ የቃሊቲ ጉምሩክን ደጅ የሚያውቅ ሰው አይስታቸውም። እንደ ፖኬት ያለ መሣሪያ ሲዘጋ ዓመታት የተጠራቀመ ንባብ የሚተርፈው በእነዚህ ሁለት ቃላት ነውና ግልጽ መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው።

ሌሎቹ ቃላት ይህን ያህል አልቀናቸውም። የገጹ ስም በብዙ መተግበሪያዎች «ቅንብሮች» ተብሏል፤ ቃሉ ግን በሕዝብ ዘንድ ከሙዚቃ አቀናባሪ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። «ቅንጅት» እንዳይባል ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ወዲህ የፓርቲ ስም ያሰማል፤ «ምርጫ»ም ራሱ የድምፅ መስጫውን ያስታውሳል። «ማስተካከያ» ግን ራዲዮኑን፣ ሰዓቱንና ወንበሩን የሚያስተካክል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ እኛ ይህን እንመርጣለን። በአማርኛው ውክፔዲያ የተጠቃሚ ስም «የብዕር ስም» መባሉ ደግሞ ከደራስያን ልማድ የመጣ ያማረ ስያሜ ነው፤ ለሚጽፍ ሰው እንጂ ለሚያነብ ብቻ ግን አይስማማም።

ዋናው ችግር ያለው «መለያ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ለየ ከሚለው ግሥ የወጣው ይህ ቃል አንዱን ነገር ከሌላው የሚለዩበትን ምልክት ያመለክታል፤ የእግር ኳስ ቡድን ልብስ መለያ ይባላል፤ ግብር ከፋይም መለያ ቁጥር አለው። የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲታተም በኮምፒዩተር ውስጥ የሚከፈት የግል ስፍራ በአገራችን አይታወቅም ነበርና ይህ ፍቺ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ጉግል በአማርኛ ገጾቹ «አካውንት» ለሚባለው «መለያ» የሚለውን ተጠቅሟል። በባንክ የተለመደው «ሒሳብ» ገንዘብን ስለሚያሳስብ ለንባብ እንዳልተመቸ እንረዳለን፤ ስለዚህ ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይሁን እንጂ በንባብ ማቆያ ውስጥ ተጠቃሚው ጽሑፎቹን «ታሪክ»፣ «ጤና»፣ «ሰዋስው» እያለ የሚመድብበት ምልክትም አለ። ለዚህ ምልክት ተርጓሚው ከ«መለያ» የተሻለ የተፈጥሮ ቃል አያገኝም። እንግዲህ ሁለቱ መለያዎች በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ከአንደኛው በታች «መለያ ሰርዝ» የሚል ቢጻፍ፣ ተጠቃሚው «ጤና» የሚለውን ምልክት ብቻ ያጠፋ መስሎት ያቆየውን ጽሑፍ ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። «ሰርዝ» ራሱም ሁለት ነገር ይሸከማል፦ ማጥፋትንና የጀመሩትን መተውን። «መለያው ይሰረዝ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሰርዝ» የሚለውን የሚነካ ሰው ሐሳቡን መተዉ ነው ወይስ መፈጸሙ? ለጣቢያ ያስቀመጥነው መመዘኛ እዚህ ፈርሷል፤ ዘርፉ ተጥሏል፤ ነገሮቹም በአንድ በር ላይ ቆመዋል።

የግሡ መልክም መታየት አለበት። በብዙ መተግበሪያዎች «አስቀምጥ»፣ «ግባ» ተብሎ የሚጻፈው ለአንድ ወንድ፣ ያውም ለእኩያ ወይም ለታናሽ የሚነገር ነው። እናታችን ወይም መምህራችን ገጹን ቢከፍቱ እንዲህ አይጠሩም። «ያስቀምጡ» ማለት አክብሮቱንም ጾታውንም በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ ፊደል ቢጨምርም ዋጋው ነው። የንባብ ፍጥነትን በደቂቃ በሚነበቡ ቃላት ቍጥር የሚያስተካክለው ስፍራም ለተርጓሚ ብቻ የሚተው አይደለም። «ስላልነገሩን» የሚለው አንድ የአማርኛ ቃል በሌላ ቋንቋ አራት አምስት ቃላት ስለሚሆን፣ ለእንግሊዝኛ የተወሰነው ቍጥር እንዳለ ሲወሰድ ለአማርኛ ጽሑፍ የሚያወጣው ግምት የተዛባ ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት ለአዲስ ተርጓሚዎች የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። «መለያ» ለጽሑፉ ምልክት ይቅር፤ የተጠቃሚው የግል ስፍራ ሕዝቡ እንደሚጠራው «አካውንት» ይባል። ባቡርን ለማጓጓዣው፣ ስልክንና ፖስታን ለመልእክቱ የተቀበለ ቋንቋ በዚህ አይደኸይም። በማይመለስ ነገር ላይ ደግሞ ማሳጠር ይቅርና «አካውንቱን ከነጽሑፎቹ ያጥፉ» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ፤ መተውም «ይቅር» ይባል። ሁለት ስያሜዎችን ለየብቻ መርምረን መልካም ናቸው ብንልም ሥራችን አላለቀም፤ ጎን ለጎን በሚውሉበት ገጽ ላይ አስቀምጠን፣ ገጹን አይቶ ለማያውቅ ሰው አንብበን፣ የትኛውን እንደሚነካ ልንጠይቀው ይገባናል።