ከካዛንቺስ የወጡ ሁለት ቁጥሮች

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና አዲስ አበባ በገባ ሰሞን፣ መንግሥት 200,000 መቃብር እንዲዘጋጅ አዟል የሚል ወሬ ተነዛ፤ ጤና ሚኒስቴር አስተባበለ፤ ወሬውን ያሠራጨው ጋዜጠኛም ታሰረ። በዚያው መጋቢት ግን ሁለት ሚኒስቴሮች በአገር በቀል ዕውቀት የተቀመመ መድኃኒት የመጀመሪያውን ፍተሻ ማለፉን አበሰሩ። ብሥራቱ መድኃኒት ቤት አልደረሰም።

«ከተማው ይዘጋ፣ አይዘጋ» ለሚለው ክርክር ስንቅ ካቀበሉት አንዱ ካዛንቺስ የሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን በአህጉሪቱ ከ300,000 እስከ 3.3 ሚሊዮን ሰው ሊሞት እንደሚችል አስታወቀ። የላይኛው ቁጥር ምንም መከላከያ ካልተደረገ የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ በዜና ርእስ ላይ ሲወጣ ግን ቅድመ ሁኔታው ወደ ግርጌ ወረደ። ግንቦት 1 ቀን ያው ኮሚሽን አፍሪካን ለአንድ ወር ፈጽሞ መዝጋት 65.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያሳጣ ገለጸ። ሁለቱም ስሌቶች አብረው መነበብ ሲገባቸው፣ እያንዳንዱ ወገን የሚስማማውን ቆርጦ ወሰደ። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ እንጂ ሕዝቡን ከቤት አልዘጋም፤ የቂርቆስ የቀን ሠራተኛም አፉን ሸፍኖ እንጀራውን ፍለጋ ወጣ።