የዳሽቦርድ ጌጅ መቆራረጥ (በአሮጌ ተሽከርካሪ)

የነዳጅ ወይም የሙቀት መለኪያ ቀስት አንዴ እየሠራ ሌላ ጊዜ የሚጠፋበት ወይም ያለምክንያት የሚዘልበት ብልሽት ነው። ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተመረተው ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ጥሩ ምሳሌ ነው።

ፍለጋው የሚጀመረው የትኞቹ ቀስቶች አብረው እንደሚዛቡ በማየት ነው። ነዳጁ ብቻ ከተዛባ ጥርጣሬው በታንኩ ውስጥ ባለው ተንሳፋፊ ወይም በሽቦው ላይ ይወድቃል። ሁለቱም አንድ ላይ ከተዛቡ ግን የሚጋሩት ነገር፣ ማለትም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው የቮልት ማረጋጊያ፣ ይመረመራል። በውስጡ ያለው ባለሁለት ብረት ዘንግ እየሞቀና እየቀዘቀዘ መስመሩን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፤ ለጌጆቹም በአማካይ 10 ቮልት ይደርሳቸዋል። የማረጋጊያው ማሳ (ከተሽከርካሪው አካል ጋር የሚያገናኘው) ሲላላ ወይም ሲዝግ ዘንጉ አይሞቅም፤ ሙሉ የባትሪ ኃይል ያልፍና ሁለቱም ቀስቶች ከልክ በላይ ይወጣሉ። መገናኛው ተከፍቶ ከቀረ ደግሞ ሁለቱም ዜሮ ላይ ይተኛሉ። ስለዚህ ጌጅ ከመግዛት በፊት ባትሪውን ፈትቶ ማሳውን በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ ይገባል፤ ብዙ ገንዘብ ያለአግባብ የሚወጣው ይህ ሲዘለል ነው። ዲጂታል የቮልት መለኪያ በዚህ ማረጋጊያ ላይ የሚዋዥቅ ቁጥር ቢያሳይ ጤናማ አሠራሩ ነው። ያረጀውን 10 ቮልት በሚሰጥ ኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ መተካት ይቻላል።

የፍጥነት መለኪያው በኬብል ስለሚዞር ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ቀስቱ ከተንቀጠቀጠ ኬብሉ ደርቋል ወይም ታጥፏል። የሙቀት ጌጁ እስኪጠገን ድረስ ረጅም ዳገት መውጣት ሞተሩን ለአደጋ ያጋልጣል።