መዝገቡን ያልዘጋው ዳኛ

በ1930ዎቹ በጀርመን አገር በነበሩ የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይገኝ ነበር። መንግሥት አንድን የአእምሮ ሕመምተኛ ለመንከባከብ በቀን ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ ይነገራል፤ ከዚያም በዚህ ገንዘብ ለስንት ጤነኛ ቤተሰብ ቤት ሊሠራ ይችል እንደ ነበር ተማሪው እንዲያሰላ ይጠየቃል። ማካፈል የሚችል ልጅ ሁሉ መልሱን ያገኘዋል። መርዙ ግን በጥያቄው ውስጥ ነበር። ልጁ እርሳሱን ሲያነሣ ሰው በገንዘብ ሊመዘን እንደሚችል ሳያውቀው ተስማምቷል።

ሰው በእግዚአብሔር መልክ እንደ ተፈጠረ (ዘፍ. 1፥27) ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ተምረናል። ጀርመናውያንም ተምረውት ነበር። አገሪቱ የማርቲን ሉተር አገር ናት፤ ያንን ሒሳብ ያሰሉት ልጆችም አብዛኞቹ የተጠመቁና የክርስትና ትምህርት የተማሩ ነበሩ። ታዲያ ይህን ትምህርት የሚያውቅ ሕዝብ እንዴት እዚያ ደረሰ? እነማንስ እንቢ አሉ? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ክፋቱ በሂትለር አልጀመረም። ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ 13 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1920፣ ካርል ቢንዲንግ የተባሉ የሕግ ፕሮፌሰርና አልፍሬድ ሆኸ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በጋራ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተሙ። “መኖር የማይገባው ሕይወት” የሚለው አነጋገር የተስፋፋው በዚህ መጽሐፍ ነው። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ ሕዝቡ በችግር የሚማቅቅበት ጊዜ ነበር። ምሁራኑ ጤነኛ ወጣቶች በጦር ሜዳ እየረገፉ፣ ለማይድኑ ሕሙማን ይህን ያህል እንክብካቤ መደረጉ ተገቢ አይደለም ብለው ተከራከሩ። ጸሐፊዎቹ የተከበሩ፣ የተማሩ ሰዎች ነበሩ።

በጁላይ 1933 የናዚ መንግሥት “የዘር በሽታ አለባቸው” የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ በግድ የሚያመክን ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች መካን ተደረጉ። በኦክቶበር 1939 ደግሞ ሂትለር አንድ አጭር ደብዳቤ ፈረመ፤ ቀኑን ግን ወደ ኋላ መልሶ ጦርነቱ የተጀመረበትን ሴፕቴምበር 1ን ጻፈበት። ደብዳቤው የተጻፈው ፊሊፕ ቦውለር ለተባለ ባለሥልጣንና ለሐኪሙ ለካርል ብራንት ነው። የማይድኑ ለተባሉ ሕሙማን “የምሕረት ሞት” የሚሰጡ ሐኪሞችን እንዲመርጡ ሥልጣን ሰጣቸው። በፓርላማ የጸደቀ ሕግ አልነበረም፤ ለሕዝቡም አልተነገረም። ሥራው የሚመራበት ቢሮ በበርሊን ቲርጋርተን ጎዳና ቁጥር 4 ስለ ነበር ዘመቻው በኋላ “ቲ 4” ተባለ።

አንድ ገጽ ቅጽ

ግድያው የተጀመረው በጠመንጃ አልነበረም፤ በቅጽ ነበር። የአእምሮ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ወደሚኖሩባቸው ተቋማት ሁሉ ቅጽ ተላከ። በሽታው ምንድን ነው? በተቋሙ ስንት ዓመት ቆየ? የሚጠይቀው ዘመድ አለው? ምን ዓይነት ሥራ መሥራት ይችላል? የተሞላው ቅጽ ወደ በርሊን ተመልሶ ለሦስት ሐኪሞች ይሰጥ ነበር። እነርሱም ሕመምተኛውን ሳያዩ፣ ሳያነጋግሩ፣ በቀይ እርሳስ የመደመር ምልክት ካደረጉበት ይሞታል፤ በሰማያዊ የመቀነስ ምልክት ካደረጉበት ይቆያል።

አንዳንድ የተቋም ኃላፊዎች ቅጹ ለምን እንደ ተላከ አላወቁም ነበር። መንግሥት ጎበዝ ሠራተኞቻችንን ለጦርነቱ ሥራ ሊወስድብን ነው ብለው ስለ ሰጉ፣ ሥራ የሚችሉትን ሰዎች “አይችሉም” ብለው ሞሉ። ሊያስቀሯቸው ብለው ለሞት አሳልፈው ሰጧቸው።

ከዚያ ግራጫ አውቶቡሶች እየመጡ ሰዎቹን ወሰዱ። በስድስት ስፍራዎች የመርዝ ጋዝ ክፍሎች ተዘጋጅተው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ግራፈኔክ ነው። ግራፈኔክ ከዚያ በፊት በሳምራዊው ምሳሌ ስም የሚጠራ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የምሕረት ድርጅት አካል ጉዳተኞችን የሚንከባከብበት ቤት ነበር። መንግሥት በ1939 ነጠቀውና በ1940 ከ10,000 በላይ ሰዎች ተገደሉበት። ለቤተሰብ የሐሰት የሞት ምክንያት የሚገልጽ ደብዳቤ ይላክ ነበር። ትርፍ አንጀቱ ከዓመታት በፊት በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው በትርፍ አንጀት ሕመም ሞተ ተብሎ የተጻፈበት ጊዜ ነበር። ሕዝቡ መጠርጠር የጀመረው እንዲህ ባሉ ስሕተቶች ነው።

ዳኛው ሎታር ክራይሲግ

ሎታር ክራይሲግ በ1898 በሳክሶኒ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቷል፤ ከዚያም ሕግ ተምሮ ዳኛ ሆነ። ናዚዎች ቤተ ክርስቲያንን ለመቆጣጠር ሲነሡ፣ የቤተ ክርስቲያን ራስ ክርስቶስ ብቻ ነው ብለው ከተቃወሙት አማኞች ጋር ቆመ። በ1937 ወደ ብራንደንቡርክ ከተማ ተዛውሮ የሞግዚትነት ጉዳዮች ዳኛ ሆነ። ራሳቸውን ማስተዳደር የማይችሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን በሕግ ጥበቃው ሥር ነበሩ።

የእርሱ ሥራ ከመዝገብ ጋር ነው። በ1940 መዝገቦቹን ሲመለከት አንድ ነገር አስተዋለ። በአደራ የተሰጡት ሰዎች ወደ ሌላ ስፍራ መዛወራቸው ይነገረዋል፤ ጥቂት ቆይቶ የሞት ማስታወቂያ ይመጣል። አንዱ ሞተ፣ ሌላውም ሞተ፣ ሌላውም። ሰው ሲሞት የሞግዚትነት መዝገቡ ይዘጋል፤ ሕጉም ልማዱም ይህ ነው። ክራይሲግ ግን መዝገቦቹን ዘግቶ ወደ መደርደሪያ ሊመልስ ኅሊናው እንቢ አለው።

በጁላይ 8 ቀን 1940 ለፍትሕ ሚኒስትሩ ለፍራንዝ ጉርትነር ደብዳቤ ጻፈ። ሕይወት የእግዚአብሔር ምስጢር እንደ ሆነች፣ ስለዚህም ሰው ስለ ሌላው ሰው ሕይወት ዋጋ ሊፈርድ እንደማይችል ገለጸ። ለሕዝብ የሚጠቅም ሁሉ ሕግ ነው የሚለውንም የዘመኑን ትምህርት ተቃወመ። በደብዳቤ ብቻ አላበቃም። ቦውለርን በነፍስ ግድያ ከሰሰ፤ በእርሱ ጥበቃ ሥር ያሉትን ሰዎች ያለ ፈቃዱ እንዳያዛውሩም ተቋማቱን በጽሑፍ አገደ። በዚያው በብራንደንቡርክ፣ በአሮጌው እስር ቤት ግቢ፣ ከስድስቱ የመግደያ ስፍራዎች አንዱ ይሠራ ነበር፤ በ1940 ከ9,000 በላይ ሰዎች ተገድለውበታል።

በኖቬምበር 1940 ሚኒስትሩ አስጠሩት። የሂትለርን ደብዳቤ አሳዩትና ጉዳዩ በዚህ እንደ ተቋጨ ነገሩት። ክራይሲግ ግን ደብዳቤው ግፍን ሕጋዊ ሊያደርግ እንደማይችል መለሰ። ሚኒስትሩም የመሪውን ፈቃድ የሕግ ምንጭ አድርጎ ካልተቀበለ ዳኛ ሆኖ ሊቀጥል እንደማይችል ገለጹለት። ክራይሲግ ከሥራው ታገደ፤ በ1942ም በጡረታ ስም ተሰናበተ። ወደ እርሻው ተመልሶ ኖረ፤ በዚያም ሁለት አይሁዳውያን ሴቶችን ከገዳዮቻቸው ሸሸገ። ከጀርመን ዳኞች መካከል ይህን ግድያ በግልጽ የተቃወመ እርሱ ብቻ እንደ ነበር ይነገርለታል።

ቤተ ክርስቲያንስ?

ዝም ያላሉ ሌሎችም ነበሩ። ፓስተር ፓውል ጌርሃርድ ብራውነ በበርሊን አቅራቢያ ያለውን የሎቤታል የምሕረት ተቋም ይመሩ ነበር። ከሚያስተዳድሩት ቤት 25 ሴቶች እንዲዛወሩ ሲታዘዙ አሳልፌ አልሰጥም አሉ። ማስረጃ ሰብስበው በጁላይ 1940 ለመንግሥት ዝርዝር ጽሑፍ አቀረቡ፤ በኦገስትም ታሰሩ። የዉርተምበርግ ጳጳስ ቴኦፊል ቩርም በዚያው ጁላይ ለአገር ውስጥ ሚኒስትሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። የቤቴል ተቋም መሪ ፓስተር ፍሪድሪክ ፎን ቦደልሽቪንግ ቅጹን አንሞላም አሉ። በኦገስት 3 ቀን 1941 ደግሞ የካቶሊኩ ጳጳስ ክሌመንስ ፎን ጋለን በሙንስተር ከተማ መድረክ ላይ ቆመው ነገሩን በስሙ ጠሩት፤ ይህ ነፍስ ግድያ ነው አሉ። ስብከታቸው በእጅ እየተገለበጠ በመላ አገሪቱ ተዳረሰ። በዚያው ወር ሂትለር በጋዝ የሚፈጸመው የሕሙማን ግድያ እንዲቆም አዘዘ። እስከዚያ ቀን ግን በገዳዮቹ በራሳቸው መዝገብ 70,273 ሰዎች ተገድለው ነበር። ከዚያም በኋላ ግድያው በስውር፣ በረሃብና በመድኃኒት ቀጠለ። በጋዝ መግደልን የተማሩት ሠራተኞችም ብዙዎቹ አይሁድ ወደሚታረዱባቸው ወደ ቤልዜክ፣ ሶቢቦርና ትሬብሊንካ ተላኩ።

ታሪኩን በእውነት ለመናገር ግን የሚያሳፍረንንም መናገር አለብን። በቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠሩ ብዙ ተቋማት ቅጹን ሞልተዋል፤ አውቶቡሱ ሲመጣ በሩን ከፍተዋል። በቤቴልም ቢሆን የማምከኑ ሕግ ተፈጽሟል፤ በሴፕቴምበር 1940ም በዚያ የነበሩ አይሁድ ሕሙማን ተወስደው ተገድለዋል። አብዛኛው ምእመን ዝም አለ። ትምህርቱ አልጠፋባቸውም፤ በየእሑዱ የሃይማኖት መግለጫውን ይደግሙ ነበር። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ከተቀመጠው ቅጽ ጋር ግን አላገናኙትም።

ለእኛ ምን ይላል?

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ሳስተምር ወጣቶች ብዙ ጊዜ “እኔ በዚያ ዘመን ብኖር እቃወም ነበር” ይላሉ። ምናልባት እውነታቸው ይሆናል። ግን ልብ በሉ፤ ክራይሲግ የተለየ ራእይ አላየም። በየዕለቱ የሚሠራውን ሥራ በታማኝነት ሲሠራ፣ ከመዝገቡ ጀርባ ሰው እንዳለ አልረሳም። የዚያን ዘመን ፈተና ያለፉት በአብዛኛው በአደራ የተሰጧቸውን ሰዎች በስም የሚያውቁ ናቸው።

ደግሞም ጥያቄውን እናስተውል። “ይህ ሰው ምን ይጠቅማል?” ተብሎ ሲጠየቅ፣ “ይጠቅማል እንጂ፤ ድንች ይልጣል፣ ግቢ ይጠርጋል” ብለን ብንከራከር አንዱን እናድን ይሆናል። ሚዛኑን ግን ተቀብለነዋል፤ ድንች መላጥ የማይችለው ቀጥሎ ይወሰዳል። መጽሐፍ ቅዱስ በሌላ መንገድ ይጀምራል። የሰውን ደም ማፍሰስ የተከለከለው ሰው የእግዚአብሔር መልክ ስለ ሆነ ነው (ዘፍ. 9፥6)። መዝሙረኛው ገና በማኅፀን ሳለ፣ ለማንም ምንም ሳይሠራ፣ እግዚአብሔር እንዳየው ይመሰክራል (መዝ. 139)። ያዕቆብም በእግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠረውን ሰው በምላሳችን እንዳንረግም ያስጠነቅቀናል (ያዕ. 3፥9)። የእግዚአብሔር መልክ በትምህርት ውጤት አይጨምርም፤ በሕመም አይቀንስም፤ በእርጅናም አይደበዝዝም።

ምላስን ካነሣን አይቀር ወደ ራሳችን አነጋገር እንመለስ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ ምን ብለን እንጠራዋለን? ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ጌታን እንደ ጠየቁት (ዮሐ. 9)፣ እኛም አካል ጉዳተኛ ልጅ የተወለደበትን ቤት ስናይ “ምን አድርገው ይሆን?” አንልም? እንግዳ ሲመጣ ልጁን ወደ ጓዳ የሚያስገባ ቤተሰብ በአጥቢያችን የለም? አልጋ ላይ የቀሩ አያትን “ምነው በቶሎ ባረፉ፤ ለቤተሰቡ ሸክም ሆኑ” የምንለውስ ለማን አዝነን ነው? ከእነዚህ ቃላት እስከ ግራፈኔክ መንገዱ ረጅም ነው። ጀርመንም ግን የጀመረችው በቃል ነበር፤ አንድ አነጋገር ከመጽሐፍ ወጥቶ በሃያ ዓመት ውስጥ አውቶቡስ ሆነ።

እንግዲህ በየኅብረታችሁ ይህን አድርጉ። በአጥቢያችሁ ወደ አምልኮ የማይመጡ አካል ጉዳተኞችንና የአእምሮ ሕሙማንን ጠይቃችሁ ዕወቁ፤ በስማቸው ጥሯቸው። ቤታቸው ሂዱ። የደከመችውን እናት ለሁለት ሰዓት አሳርፏት። መስማት ለተሳናቸው የሚተረጉም ሰው ከመካከላችሁ ይሠልጥን። ወደፊት ከእናንተ መካከል ነርስ፣ ሐኪም፣ ዳኛ፣ የቢሮ ሠራተኛ የሚሆኑ አሉ። አንድ ቀን አንድ ቅጽ ጠረጴዛችሁ ላይ ይቀመጣል፤ በላዩም የሰው ስም ይኖራል። ጠቢቡ ስለ ዲዳውና ስለ ተጣለው ሰው አፍህን ክፈት ብሎ የመከረው (ምሳ. 31፥8) ለዚያ ቀን ነው። ጌታም ከሁሉ ለሚያንሰው ያደረጋችሁትን ለእኔ አደረጋችሁት እንደሚል (ማቴ. 25፥40) አትርሱ። የዚያ ሰው መዝገብ በእርሱ ፊት አይዘጋም።